ይድረስ ደሴ ላለው ወንድሜ፤ ስለ ሥዕልህና ስለ ማስታወሻ ደብተር

ኮሎኝ፣ ጀርመን

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የአላህ ሰላምና እዝነት በአንተ፣ በእማዬ፣ በአባባና በመላው ቤተሰባችን ላይ ይሁን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ፤ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም። የላክህልኝን ረጅም ደብዳቤ አግኝቼ ስለ ቤቱ፣ ስለ ጎረቤቱና ስለ ከተማው የጻፍኸውን ሁሉ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ይህን መልስ የምጽፍልህ ግን በደብዳቤው መጨረሻ በጥቂት መስመሮች ስላሰፈርኸው ጉዳይ ነው። ቀን ቀን በፒያሳና በአራዳ ለባለ ሱቆች ታፔላ እየጻፍህ እንጀራህን እንደምታገኝ፣ ማታ ከራስህ ሸራ ፊት ስትቀመጥ ግን እጅህ ሳይሰንፍ ምን እንደምታዘው እንደሚጠፋህ ነግረኸኛል። «ሥዕል ትቶኝ ሄደ መሰለኝ» ያልኸው ቃል ልቤን ነካው። አብሽር፣ ወንድሜ። ይህ ነገር እዚህ አገር እኔንም አግኝቶኝ ነበር፤ መንገዴን መልሼ ያገኘሁት በአንድ ተራ የማስታወሻ ደብተር ነውና፣ እንዴት እንደሆነ ሳላሳጥር ልጽፍልህ ወደድሁ።

ኮሎኝ ከገባሁ በኋላ ሥዕሎቼን የሚገዙኝ አብዛኞቹ የአገራችን ሰዎች ናቸው። የሚፈልጉትም የታወቀ ነው፤ ጀበና፣ ረከቦት፣ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች አንገተ ረጅም ሴት፣ አንዳንዴም በቅሎ የሚጎትት ገበሬ። ፍላጎታቸውን አከብራለሁ፤ በስደት ቤት ግድግዳ ላይ የአገርን መልክ መስቀል ትንሽ ነገር አይደለምና። ነገር ግን አንድን መልክ ደጋግሞ የሚሥል እጅ ውሎ አድሮ ያለ ዓይን መሥራት ይለምዳል። ሥዕሉ ያልቃል፣ ይሸጣል፣ እኔም ምን እንዳየሁበት ብጠየቅ የምመልሰው አይኖረኝም ነበር። በዚያ ጊዜ የማታ የሥዕል ትምህርት የሚሰጡ አንዲት መምህርት፣ ብሩሼን አጥቤ ከመነሣቴ በፊት በዚያ ሰዓት የሆነውን በጽሑፍ እንዳስቀር መከሩኝ። ምክንያታቸውንም ሲያስረዱ ዶናልድ ሾን የተባሉትን አሜሪካዊ ምሁር ጠቀሱልኝ። እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ሥራቸው፣ ባለሙያ በሥራው መካከል እጁ ላይ ሳለ የሚያስበው ሐሳብና ከሥራው በኋላ መለስ ብሎ የሚያስበው ሐሳብ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሁለቱም እንደሚያስፈልጉት አስረድተዋል። እኔና አንተ የመጀመሪያውን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ሁለተኛው ግን ጊዜ ካልተሰጠውና ካልተጻፈ ከቀለሙ ውሃ ጋር አብሮ ይደፋል።

የምጽፈው ነገር ቀላል ነው። ምን ሠራሁ፣ ዓይኔ የት ላይ ቆየ፣ የትኛውን ክፍል ሸሸሁት ወይም ቶሎ ብዬ አለፍሁት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ከየት ልጀምር? ከዚህ የሚበልጥ የለበትም። ሠዓሊ ነኝ ወይስ አይደለሁም፣ ሰው ያውቀኛል ወይስ አያውቀኝም የሚለውን ጥያቄ ግን በዚህ ደብተር ውስጥ አላስገባም። እንዲህ ያለው ጥያቄ ገጽ ይሞላል እንጂ ወደ ሸራው አይመልስም፤ እጅ የሠራውንና ዓይን ያየውን መጻፍ ግን ይመልሳል። በየማለዳው ይህን ያህል ገጽ ሙላ የሚሉ ምክሮችም አሉ፤ ለሌላው ሰው ይበጁ ይሆናል፣ ለአንተ ግን አልመክራቸውም፤ ሙሉ ቀን ፀሐይ ላይ ቆሞ ታፔላ ሲጽፍ ለዋለ ሰው ሌላ ግዴታ መጨመር ይሆንበታልና። በሠራህበት ቀን ብቻ ጻፍ፤ ሸራው ፊት ተቀምጠህ ምንም ካልሠራህም ምን እያየህ እንደ ተቀመጥህ ጻፍ።

ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሆነ እንድታየው ከራሴ ደብተር አንዱን ልገልብጥልህ፦ «ዛሬ ቡና የምታፈላዋን ሴት ጨረስሁ። ፊቷን ቶሎ ሠራሁት፤ እጄ ያውቀዋል። በመስኮቱ የሚታየውን ግራጫ ግን ደጋግሜ አነሣሁት፣ ደጋግሜ መለስሁት። ነጩ ላይ ቢጫ አፈር የሚመስለውን ኦከር ጥቂት ጠብ ሳደርግበት ጉሙ ከኋላው ፀሐይ ያለበት መሰለ። ገዢው ይህን መስኮት ልብ አይለውም። ነገ ከዚያው ግራጫ ልጀምር።» እንደምታየው ጽሑፉ ውበት የለውም፤ እንዲኖረውም አልፈልግም። በስልክ ሳይሆን በወረቀት የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስልክ ላይ የሚጻፍ ነገር ሳናስበው ለሌላ ሰው ዓይን ይዋባል፣ ለሌላ ሰው የተዋበ ማስታወሻ ደግሞ ለጸሐፊው እውነቱን አይነግረውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። መንገዱን የሚያሳየው መጻፉ አይደለም፤ የጻፉትን መልሶ ማንበቡ ነው። አባባ የዱቤ መዝገቡን በቀኝ ገጽ እየጻፈ በግራው ገጽ ቦታ እንደሚተው ታስታውሳለህ፤ ወር ሲያልቅ ቁጭ ብሎ እየገለጠ ማን እንደከፈለ፣ ማን ለምን እንደዘገየ በግራው በኩል ያሰፍር ነበር። ዱቤውን ጽፎ መዝገቡን ያልገለጠ ነጋዴ ገንዘቡን አይሰበስብም። እኔም እንደ እርሱ በቀኙ ገጽ ብቻ እየጻፍሁ ግራውን ባዶ እተወዋለሁ። ወር ሲያልፍ ቀይ እርሳስ ይዤ ከመጀመሪያው አነብባለሁ፤ ተመልሶ የመጣውን ቃል አሰምርበታለሁ፣ በግራው ገጽ ላይም ያን ጊዜ ያልገባኝንና አሁን የታየኝን እጽፋለሁ። በምጽፍበት ቀን ትርጉም ለመስጠት አልቸኩልም፤ የዕለቱ ዓይን ቅርብ ነውና ይህን ሥራ ለቆየው ዓይን እተውለታለሁ።

በመጀመሪያው ንባብ ያየሁት አስገረመኝ። በጽሑፉ ውስጥ ሴቲቱ፣ ጀበናውና ቀሚሱ በአንድ በአንድ መስመር ያልፋሉ፤ «ጨረስሁ»፣ «ሠራሁት»፣ «ገዢው ወደደው» እያሉ። ከሥዕሉ ኋላ ያለው ነገር ግን በየገጹ ይረዝማል። ጉም፣ ጭጋግ፣ ዳገት፣ የረጠበ ቆርቆሮ፣ ከላይ ወደ ታች የሚለወጥ ብርሃን የሚሉት ቃላት በቀይ ተሰምሮባቸው ስመለከታቸው ደብተሩ በሙሉ ስለ እነርሱ የተጻፈ ይመስል ነበር። እኔ የቡና ሥዕል እሠራለሁ ብዬ የማስበው ሰው፣ ለካ ዓይኔ ያለ እረፍት ሲሠራ የነበረው ደሴን ነው፤ በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሆጤንና ሰኞ ገበያን ሲሸፍን፣ የቤቶቹ ቆርቆሮ ከጉሙ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ሲወጣ የሚታየውን ቀለም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከራሴ እጅ ጽሑፍ አነበብሁት።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ ጠበበልኝ። ምን ልሣል ማለቱ ቀርቶ፣ ይህ ግራጫ የት ይጀምራል፣ የት ያልቃል ወደሚለው መጣሁ። በግራው ገጽ ላይ መልስ ስፈልግ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ መንገድ መጣልኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚህ አጭር መንገድ ውስጥ ሰው ከላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተነሥቶ ታች ሲደርስ ያወልቀዋል። ቀለሙም እንዲሁ ነው፤ ከላይ ሰማያዊ የነካው ግራጫ፣ ከመታጠፊያው በኋላ አረንጓዴው የሚነቃ፣ ወደ ቦርከና ሸለቆ ሲወርዱ ቢጫና ሞቃት እየሆነ የሚሄድ። አሁን የምሠራቸው ሸራዎች የዚህን ቁልቁለት ቀለም ደረጃ በደረጃ የሚከተሉ ናቸው፤ ሰውም ቤትም በጥቂቱ ነው የሚታይባቸው። የቡናውን ሥዕል አልተውሁትም፤ ቤት ኪራይ የሚከፍለው እርሱ ነውና በክብር እሠራዋለሁ። ነገር ግን ማታ ወዴት እንደምሄድ አውቃለሁ።

ባለፈው በስልክ ስናወራ ይህን የደብተር ነገር «የፈረንጅ ልማድ» ብለህ እንደ ነበር አልረሳሁትም። እኔ እንዲያ አይመስለኝም። ከደሴ ብዙ በማይርቀው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆየ የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል አለ፤ እንዲህ ባሉ መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎችና ኅዳጎች ላይ አባቶች የገዳማቸውን ንብረትና ጉዳይ እየጻፉ አቆይተዋል። የእኛም አያት በኪታባቸው መጨረሻ ገጽ ላይ የልጆቻቸውን ልደት፣ ዝናብ የቀረበትን ዓመት፣ የሞቱባቸውን ሰዎች ጽፈዋል። ባዶ ገጽን ለማስታወስ መጠቀም በወሎ የቆየ ነገር ነው፤ እኔ የምልህ ይህንኑ ልማድ ወደ ቀለምህ አምጣው ነው።

ከውጭዎቹም ቢሆን የሚጠቅመንን መውሰድ ተገቢ ነው። ከኮሎኝ በማይርቀው በዱሰልዶርፍ ከተማ የሠዓሊውን የፓውል ክሌን ሥዕሎች በብዛት የያዘ ቤተ መዘክር አለ፤ ሰውየው በዚያው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1931 ጀምሮ አስተምሯል፣ በ1933 ናዚዎች እስኪያባርሩት ድረስ። ክሌ ከ1898 እስከ 1918 የዕለት ማስታወሻ ይዟል። ለብዙ ዓመታት በመስመር ብቻ የሚተማመንና ከቀለም ጋር የሚታገል ሰው ነበር፤ በሚያዝያ 1914 ወደ ቱኒዚያ ሄዶ ቀለም እንደ ያዘውና ሠዓሊ መሆኑ እንደ ተረጋገጠለት የመዘገበው በዚሁ ማስታወሻ ነው። ኋላም የጻፋቸውን ራሱ እያነበበ እየገለበጠ አስተካክሏቸዋል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ደላክሯ ደግሞ ማስታወሻውን እ.ኤ.አ. በ1822 ጀምሮ በ1824 አቋረጠው፤ እንደገና የያዘው በ1847 ሲሆን እስከ ሞተበት እስከ 1863 ድረስ አልተለየውም። በ1832 ወደ ሞሮኮ በሄደ ጊዜ ከንድፎቹ አጠገብ ቀለማቸውን በቃላት እየጻፈ የሞላቸው ደብተሮች፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዕድሜው መጨረሻ ሥዕል የቀዳባቸው ምንጮች ሆነውታል። ይህን የምነግርህ ጀምረህ ብታቋርጥ ደብተሩን እንዳትጥለው ነው። በዚችው በኮሎኝ የተማረው የእኛው ገብረ ክርስቶስ ደስታም ብሩሽና ብዕር በአንድ እጅ መያዝ እንደሚቻል አሳይቶናል፤ ሠዓሊም ገጣሚም ነበርና።

አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ እንድትይዘው እለምንሃለሁ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ ያየኸውን አውቃለሁ፤ ሁሉን እንዳልነገርኸኝም አውቃለሁ። ስትጽፍ ያ ጊዜ ሳትጠራው ሊመጣ ይችላል። ከመጣ በዚህ ደብተር ሳይሆን በሌላ ወረቀት ጻፈው። ጄምስ ፔኒቤከር የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች በተከታታይ ለ4 ቀናት በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ከባድ ስለሆነባቸው ነገር እንዲጽፉ አድርገው ነበር፤ የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ መሄዳቸው ቀንሶ ተገኝቷል። በኋላ በተደረጉ ጥናቶችም ጽሑፉ ይበልጥ የረዳቸው ሰዎች ቀን በቀን «ምክንያቱም»ና «አሁን ገባኝ» የሚሉትን ዓይነት ቃላት እያበዙ የሄዱት እንደ ነበሩ ታይቷል። ስለዚህ ያ ጽሑፍ የተወሰነ ጊዜና መጨረሻ ይኑረው፤ በጣም ከከበደህም አቁመህ አባባን ወይም የምታምነውን ሰው አናግር። የሥዕሉ ደብተር ግን የእጅህና የዓይንህ ብቻ ሆኖ ይቆይ።

ወደ አገር ቤት ከሚመጣ ሰው ጋር መስመር የሌለው ወፍራም ደብተርና ቀይ እርሳስ ልኬልሃለሁ፤ ጥቂት የውሃ ቀለምም አለበት። የታፔላውንም ሥራ አትናቀው፤ እርሱንም ጻፈው። የትኛውን ፊደል ስትሥል እጅህ እንደሚዘገይ፣ የትኛውን ቀለም ከሌላው አጠገብ ማድረግ እንደምትወድ፣ ባለ ሱቁ ቀይ ሲልህ አንተ በልብህ ምን እንደፈለግህ በዚያ ውስጥ አለ። ገጾቹን ፎቶ እያነሣህ አትላክልኝ፤ ለእኔ መጻፍ ትጀምራለህና። አንድ ወር ሲሞላ ተቀምጠህ አንብበው፤ ደጋግመው የመጡትን ቃላት ብቻ ለይተህ ጻፍልኝ፤ እኔም የእኔን የዚያን ወር ቃላት እልክልሃለሁ።

እማዬን ስለ እኔ እጇን ሳምልኝ፤ ዱዓዋ እንዳይለየኝ ንገራት። አባባ ጉልበቱን እንዳመመው ጽፈህልኛልና ሐኪም ቤት መሄዱን አትተውት፤ ገንዘቡን በተለመደው መንገድ ልኬያለሁ። ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በስማቸው ሰላም በልልኝ። አላህ በሰላም ያገናኘን።

የምታስብህ ታላቅ እኅትህ