ለእህት ዓለም፣ ከክሌር

እህት ዓለም፣ እንደምን ከረምሽ?

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ነው ዛሬ የምጽፍልሽ። እናታችን ያረፉ ሰሞን መደወል አቃተኝ። ሠልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ከዚያ ወዲያ አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይቅር በይኝ።

ብዕር ያስነሳኝ አንድ የጥምቀት መዝገብ ነው። አማቴ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ትውልዳቸው ምዕራብ አየርላንድ፣ ክሌር ካውንቲ ነው። «የአያቴን አያት ሳላውቅ አልሙት» ብለው ያዙኝ። ክረምቱን አብሬያቸው ስንከራተት ከረምኩ።

እዚህ አገር ዘር መቁጠር ቀላል እንዳይመስልሽ። በ1922 (ዓመቱን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ) የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር፣ ደብሊን፣ ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤት ግቢ የነበረው የመንግሥት መዝገብ ቤት ነደደ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች፣ ጥቂት ቁርጥራጭ ሲቀር፣ አብረው ጠፉ። ቀጥለው የመጡትን አራቱን ደግሞ መንግሥት ራሱ አስቀድሞ አስወግዷቸው ነበር። ሙሉ ሆኖ የሚገኘው የመጀመሪያው ቆጠራ የ1901 ነው። የሁሉም ሰው ልደት በመንግሥት መመዝገብ የጀመረውም በ1864 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደውን ሰው የት ታገኚዋለሽ?

አጥቢያው ቤተ ክርስቲያን! የካቶሊክ ቄሶች መዝገባቸውን ወደ ደብሊን አልላኩም ነበርና ከእሳቱ ተረፈ። እኛም እኒስ ከተማ፣ የካውንቲው ቤተ መጻሕፍት የአካባቢ ታሪክ ክፍል ገብተን ተቀመጥን።

ብዙው ስም በላቲን ነው፤ ጄምስ ያኮቡስ፣ ብሪጅት ብሪጊዳ ይሆናሉ። የልጁ ስም፣ አባቱ፣ እናቱ ከነአባቷ ቤት ስም፣ ከዚያ ቀጥሎ ክርስትና አባትና ክርስትና እናት። እሱን ሳይ እንባዬ መጣ። ልክ እንደኛው እኮ ነው!

ያስቸገረን የስም መመሳሰል ነው። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአባቱ አባት ስም ይጠራ ስለነበር፣ የወንድማማች ልጆች ሁሉ አንድ ስም ይይዛሉ። ሁለት ሳምንት የሌላ ሰው ዘር ስንቆጥር ከረምን። የታደጉን ክርስትና እናቶቹ ናቸው። አንዲት ሴት በሦስት ልጆች ጥምቀት ላይ ክርስትና እናት ሆና ተጽፋለች፤ የእናታቸው እህት ኖራለች። እሷን ተከትለን መንደሩን አገኘን። ከ1847 እስከ 1864 በየተራ በወጣው፣ የግሪፊዝ በሚባለው የመሬት ግምት መዝገብ ላይ ደግሞ ጭሰኛውም ባለርስቱም በየመንደሩ ሰፍሯል። የአማቴ ቅድመ አያት አባት እዚያ አሉ። አንድ ቤትና ትንሽ መሬት።

ከዚያ ወደ ረሃቡ ዓመታት ገለጥን። ድንቹ በበሽታ የጠፋበት፣ ከ1845 ወዲያ ያለው ዘመን ነው። ምዕራብ ክሌር፣ በተለይ የኪልራሽ አካባቢ፣ ገበሬው በገፍ ከቤቱ የተባረረበት አገር ነው። መዝገቡ ላይ ጥምቀቱ እየሳሳ ሄደ። አማቴ ጣታቸውን ገጹ ላይ አሳርፈው ቆዩ። እኔም አያቴ «ክፉ ቀን» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ የሚለው ትዝ አለኝ።

እዚያው ሆኜ አሰብኩ። የኔ አባት ዘር የሰፈረበት ባሕረ መዝገብ አላውቅም። ሰባት ቤት ቆጥረው ሊነግሩኝ የሚችሉት ደብረ ብርሃን ያሉት አክስቴ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ደክመዋል። አንቺ ቅርብ ነሽ። በሞቴ፣ ስልክሽን ይዘሽ ሂጂና ድምፃቸውን ቅጂልኝ። ስም ብቻ አይበቃም። ማን ክርስትና እንዳነሳቸው፣ መሬታቸው ከማን ጋር ይዋሰን እንደነበር፣ ከየት መጥተው እንደሰፈሩ ጠይቂያቸው። የወንዙንና የጋራውን ስም እንኳ አትለፊ።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሴ። የእናታችንን የክርስትና ስም ላኪልኝ። ስንት ዓመት እንጀራቸውን በልቼ ጠይቄያቸው አላውቅም። እዚህ ቄሱ በጸሎት እንዲያነሱልኝ እፈልጋለሁ።

እህትሽ