ትንፋሽ ቢደርስም አጥንት ገና ነው

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ፣ ሮጦ የማያውቀውን ነዋሪ ሁሉ ለልምምድ ማስነሣቱ የሚያስደስት ነገር ነው። ጋዜጣችሁም የምዝገባውን ዜናና የአሸናፊዎቹን ስም በየዓመቱ ያስነብበናል። ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ሰው እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት የሚናገር ጽሑፍ ግን አላየሁም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የደረሰብኝ ጉዳት ነው።

ዓምና መስከረም ላይ ስጀምር ሁለት ኪሎ ሜትር ሳልሞላ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሳልቆም ስድስት ኪሎ ሜትር ስሮጥ ሰውነቴ የደረሰ መሰለኝና በሳምንት አምስት ቀን መሮጥ ያዝሁ፤ እሑድ እሑድም ከእንጦጦ ቁልቁል እወርድ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የግራ ቅልጥሜ ላይ በአውራ ጣት ሲጫኑት የሚያስጮህ አንድ ቦታ ተፈጠረ። ወጌሻ ዘንድ ሄጄ በቅቤ ታሸሁ፤ ሕመሙ ባሰ። በመጨረሻ ያየኝ ሐኪም አጥንቱ በተደጋጋሚ ጫና መሰንጠቅ መጀመሩን ነግሮኝ ሩጫ ከለከለኝ፤ የኅዳሩ ታላቁ ሩጫም እንዲሁ አለፈኝ።

ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ሲጠናከሩ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ፤ አጥንት ጫና ሲበዛበት በመጀመሪያ የተጎዳውን ክፍል አፍርሶ ቀጥሎ አዲስ ስለሚገነባ፣ ዕረፍት ካጣ ፍርሻው ግንባታውን ይቀድመዋል። ስለዚህ ጀማሪ ርቀቱን በትንፋሹ ብቻ ሊለካ አይገባውም። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቀን እየዘለሉ መጀመር ይበቃል፤ ፍጥነቱም ከጓደኛ ጋር እያወሩ የሚሮጡት ዓይነት ይሁን። በየሳምንቱ ከአሥር በመቶ በላይ አትጨምሩ የሚባለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ እኔ የበለጠ የምመክረው በየአራተኛው ሳምንት ርቀቱን መቀነስንና ርቀትንና ፍጥነትን በአንድ ጊዜ አለመጨመርን ነው። ሁለቱንም እግር እኩል ይዞ በሁለትና በሦስት ቀን የሚለቅ የጡንቻ ሕመም አያስፈራም። አንድ ቦታ ላይ ተወስኖ በሮጡ ቁጥር የሚብስ ሕመም ግን ሩጫን አቁሞ፣ ሳይታሹ፣ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ ነው።

ዝግጅት ክፍሉን የምለምነው፣ ባለሙያ አማክራችሁ የጀማሪዎችን የልምምድ መርሐ ግብር እንድታትሙልን ነው። የሚታተመውም በጥቅምት ሳይሆን በሰኔ ይሁን፤ በጥቅምት የሚያነበው ሰው እንደ እኔ ለመቸኮል ካልሆነ በቀር ጊዜ አይኖረውም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የዘወትር አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ