ስለ ቅዳሜው የኤሌክትሪክ መኪና ልምምድ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች
ጎንደር

የሳይንስ ክበብ ተማሪዎቻችን በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት በኤሌክትሪክ መኪና ከትምህርት ቤቱ አዘዞ ደርሰው ይመለሳሉ። ልጃችሁ እንዲሳተፍ የምትፈቅዱ ከሆነ የዚህን ወረቀት ጀርባ ፈርማችሁ እስከ ሐሙስ ላኩልን።

ልምምዱ የራሊ (የመኪና ውድድር) ዓይነት ነው። ራሊ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ሩጫ ነው። ይህኛው ግን የኃይል ቁጠባ ውድድር ነው። በዓለም አቀፉ የሞተር ስፖርት ፌዴሬሽን ሥር በሚካሄደው የኢኮ ራሊ ዋንጫ ነጥብ የሚሰጠው የተወሰነውን አማካይ ፍጥነት ጠብቆ ለሄደና ያወጣው ኃይል ላነሰ ነው። ቀድሞ መድረስም እንደ መዘግየት ያስቀጣል። የረጅም ርቀቱ ፈተና ምን ያህል እንደሆነ የአውስትራሊያው የፀሐይ መኪኖች ውድድር ያሳያል፦ ከዳርዊን እስከ አደሌድ 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ያሸነፈችው ሰንሬይሰር በአማካይ የሄደችው በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ ይህ ሂሳብ ለልጆቻችን የነገ ኑሮ ጉዳይ ሆኗል።

ባትሪውን ዓርብ ማታ የምንሞላው እስከ 80 በመቶ ብቻ ነው። ከከተማው ወደ አዘዞ መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ እግር ከመርገጫው ሲነሳ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ሙሉ የሆነ ባትሪ ግን የሚቀበልበት ቦታ የለውም፤ የሚገኘው ኃይል ይቀራል፣ ሥራው ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሲመለሱ ደግሞ ዳገቱ ይጠብቃቸዋል። ከነተሳፋሪው 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና 100 ሜትር ከፍታ ሲወጣ ለከፍታው ብቻ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ልጆቹ ቁልቁለቱ የመለሰውንና ዳገቱ የወሰደውን ጽፈው ያነጻጽራሉ፤ ሁለቱ እኩል እንደማይሆኑ ቁጥሩ ራሱ ያሳያቸዋል። ሜዳ ላይ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ይበልጥ ኃይል የሚበላው አየሩ ነው፤ ፍጥነት በሰዓት ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ሲያድግ የአየሩ ግፊት ወደ 1.8 እጥፍ ገደማ ያድጋል።

የሚያሳስተን ብዙውን ጊዜ ልኬቱ ነው። የጎማ ንፋስ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጠዋት በብርዱ ይለካል፤ ጎማ ሲግል ግፊቱ ስለሚጨምር ከጉዞ በኋላ የተለካው ያታልላል። ቻርጅ ሲደረግ ከሶኬት የወጣው ኃይል ሁሉ ባትሪው ውስጥ አይገባም፤ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ስለዚህ የቆጣሪው ንባብና ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ለየብቻ ይመዘገባሉ። ቤታችሁ የኤሌክትሪክ መኪና ካለ አንድ ነገር እንለምናችኋለን፦ በተጠቀለለ ኤክስቴንሽን አትሙሉ። ጥቅሉ ለሰዓታት 10 አምፔር ሲያስተላልፍ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ገመዱ ይቀልጣል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

መኪናውን የሚነዳው የትምህርት ቤቱ ሹፌር ነው። በአንድ ዙር ሦስት ተማሪዎች ቀበቶ አስረው ከኋላ ይቀመጣሉ፤ የቀሩት ከመምህራቸው ጋር ግቢ ውስጥ ሂሳቡን ይሠራሉ። ብርቱካናማ ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ስላለበት ማንም ተማሪ የሞተሩን ክዳን አይከፍትም። ልጆቹ ደብተር፣ እርሳስ፣ ካልኩሌተር፣ ውኃና ኮፍያ ይያዙ። መኪና የሚያጥወለውለው ልጅ ካለ ፈቃዱ ላይ ጻፉልን፤ ከፊት እናስቀምጠዋለን።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር