«ከሚፈለገው በታች» ስትሉ በስንት?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ኮንክሪት ምርመራ ስትዘግቡ «ውጤቱ ከሚፈለገው በታች ሆኗል» ብላችሁ ታልፋላችሁ። በስንት? ስንተኛ ቀኑ ላይ? እርግጥ ችግሩ ከእናንተ አይጀምርም። የሳይት ሪፖርት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቅጡ የጠፋ ነው።

ሲ-25 የሚባለውን የኮንክሪት ደረጃ እንውሰድ። ለምርመራ የሚሞላው ባለ 15 ሴንቲሜትር የኮንክሪት ኪዩብ በተሞላ በ28 ቀኑ ሲጨመቅ 25 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) መሸከም ይጠበቅበታል። 22 መጣ እንበል። ሪፖርቱ ላይ «ማይነስ 3 ቢሎው ታርጌት» («ከዒላማ በታች በማይነስ 3» እንደማለት) ተብሎ ይጻፋል። ማይነስም ቢሎውም! አንዱ ይበቃል እኮ፣ «3 ሜጋፓስካል ቢሎው ታርጌት» ብሎ መተው ነው። «ፌል ባይ 3» («በ3 ወረደ») የሚሉም አሉ፤ ይሄ ግን ቀድሞ 25 ደርሶ የወረደ ያስመስለዋል፣ ኪዩቡ ደግሞ መጀመሪያውኑ አልደረሰም። እንግሊዞቹ እንዲህ ሲሆን «ፌል ሾርት ኦፍ ዘ ታርጌት ባይ 3 ሜጋፓስካል» («ከዒላማው በ3 ሜጋፓስካል ጎደለ») ነው የሚሉት።

ፐርሰንት ሲገባበት ይብሳል። 22 የ25 88 በመቶ ነው፣ ጉድለቱ 12 በመቶ። «12 ፐርሰንት ቢሎው ታርጌት» ትክክል ነው። ቃሉን አዙሮ «ቢሎው 12 ፐርሰንት» ያለ ሰው ግን «ከ12 በመቶ ያነሰ» እያለ ነው። ይህን ተርጉሞ «ጥንካሬው 12 በመቶ ብቻ ነው» ብሎ የሚያወጣ ጋዜጠኛ ቢመጣ ደግሞ አልፈርድበትም፣ ሰፈሩ ግን ይሸበራል።

ሌላው ቀኑ ነው። በ7 ቀኑ 17 ያመጣ ሲ-25 እንደ ሲሚንቶው ዓይነት ደህና መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ገና እየጠነከረ ነውና። ከዒላማ በታች ብሎ መጮህ ለምን? የናሙናው ቅርጽም አለ። አዲሱ አጠራር ሲ-20/25 ነው፤ 20ው የሲሊንደር፣ 25ቱ የኪዩብ። ሲሊንደር ተጨምቆ 22 ከመጣ ከ20 በላይ ነው፣ አልፏል ማለት ነው። ያው 22፣ በኪዩብ ከሆነ ጎድሏል። ያኔም ቢሆን በአንድ ኪዩብ ብቻ ሕንፃ ይፍረስ አይባልም፣ የሌሎቹ አማካይ አብሮ ይታያል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዘገባችሁ የሚፈለገውንም የተገኘውንም ቁጥር አብራችሁ አትሙልን። ሪፖርት የሚሰጣችሁንም ሰው «ኪዩብ ነው ሲሊንደር? ስንተኛ ቀኑ?» በሉት። ካላወቀ ሌላ ሰው ፈልጉ።

አንድ የሳይት መሐንዲስ፣ ከአዲስ አበባ