የባዮሎጂ ክበብ፦ የአፍ ባክቴሪያዎችን በዲኤንኤ መለየት

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ጉዳይ በሰው አፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በዲኤንኤ እንዴት እንደሚለዩ ነው። አንዳንዶቹ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ስለማይበቅሉ ዲኤንኤያቸውን ማንበብ፣ ማለትም የፊደሎቹን ቅደም ተከተል ማወቅ፣ ግድ ይላል።

በመጀመሪያው መንፈቅ አባላቱ ዲኤንኤ አወጡ። እያንዳንዱ በራሱ ኩባያ በ10 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ ለ1 ደቂቃ ይጉመጠመጣል፤ ውኃውን ወደ ቱቦ መልሶ 3 ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ይጨምርበትና ቀስ አድርጎ ያገላብጠዋል። ከተናጠ አረፋ ይሞላል፣ ረጅሙ ዲኤንኤም ይቆራረጣል። ከ5 ደቂቃ በኋላ ቱቦውን አዘንብሎ በጎኑ 10 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ 95 በመቶ አልኮል ያፈስበታል። የድሬዳዋ ሙቀት የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው፤ አልኮሉ እስከሚፈስስባት ደቂቃ ድረስ በረዶ ውስጥ ካልቆየ ነጩ ክር በደንብ አይወጣም። አልኮል ስለሚቀጣጠል በአካባቢው እሳት አይኖርም።

ፕሮቲኑን እንዲሰባብር የተጣራ የፓፓያ ጭማቂ የጨመሩ ቡድኖች ወፍራም ክር አገኙ። ነገር ግን ጨው ውኃ፣ ሳሙናና ፓፓያ ብቻ ያለበት፣ ምራቅ ያልገባበት ቱቦም ክር አወጣ፤ በፓፓያው ውስጥ ያለው ፔክቲን የተባለ አጣባቂ ንጥረ ነገር በአልኮል ይረጋልና። ይህ ባዶ ቱቦ የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ነው ብዬ አምናለሁ። በእውነተኛው ምርመራም የማውጫ ኬሚካሎቹ ራሳቸው የባክቴሪያ ዲኤንኤ ይዘው ሊመጡ ስለሚችሉ፣ ባዶው ናሙና ከሌሎቹ ጋር እኩል እስከ ንባቡ ድረስ መሄድ አለበት።

የሚታየው ክር በአብዛኛው የሰው ዲኤንኤና ፕሮቲን ነው። ግድግዳቸው ወፍራም የሆነ፣ ግራም ፖዘቲቭ የሚባሉ ባክቴሪያዎች በሳሙና ብቻ አይፈርሱም፤ በላቦራቶሪ ከጥቃቅን ዶቃዎች ጋር በኃይል ይናጣሉ። ይህ ከተዘለለ በውጤቱ ላይ ከእውነቱ ያነሱ መስለው ይታያሉ።

ማንበቢያ መሣሪያ ስለሌለን በሁለተኛው መንፈቅ ለሕዝብ ክፍት ከሆኑ የአፍ ናሙና ንባቦች ጋር ሠራን። የሚነበበው 1,500 ፊደል ያህል ርዝመት ያለው 16ኤስ የተባለው ጂን ነው። በሁሉም ባክቴሪያዎች ላይ የሚመሳሰሉት ክፍሎቹ ለፒሲአር (ዲኤንኤን ለሚያባዛው ዘዴ) መነሻ ይሆናሉ፤ 9ኙ ተለዋዋጭ ክፍሎች ማንነትን ያሳያሉ። ፒሲአሩ በ95፣ በ55 እና በ72 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 30 ዙር ይደጋገማል።

አባላቱ በየንባቡ መጨረሻ ጥራቱ የወረደውን ቆርጠው የቀረውን በብላስት (ንባቡን ከታወቁ ዲኤንኤዎች ጋር በሚያወዳድር የኮምፒውተር ፕሮግራም) ፈለጉ። ሁለት ነገር ደጋግመን አስጠነቀቅን። አንድ ባክቴሪያ ከ1 እስከ 15 የ16ኤስ ቅጂ ሊኖረው ስለሚችል የንባብ ብዛት የባክቴሪያ ብዛት አይደለም። በአፍ የተለመደው ስትሬፕቶኮከስ ማይቲስና የሳንባ ምች የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒዬ ደግሞ በዚህ ጂን ከ99 በመቶ በላይ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ በግድግዳ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ሠንጠረዥ ዝርያውን ሳይለይ «ስትሬፕቶኮከስ» ብሎ በወገኑ ስም ያቆማል።