ደብዳቤ ለልጄ፦ መሪ ጨብጦ የኖረ ሰው ይፍረድ ወይ?

ይድረስ ለውድ ልጄ ሚሚዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽ ጉልበትም ተሽሎታል። ባለፈው በስልክ የጀመርነውን ክርክር ኔትወርኩ ስለቆረጠብን በጽሑፍ ልጨርሰው ብዬ ነው። በስልክ ከሆነ ደግሞ አንቺ አታስጨርሺኝም።

«የቀድሞ ተጫዋች ፊሽካ ይዞ ሜዳ አይገባም፤ ታዲያ ፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም ላይ ጡረታ የወጣ ሹፌር ለምን ዳኛ ይሆናል? ወይ ለወዳጁ ያዳላል፣ ወይ ቂሙን ይወጣል» ነበር ያልሽኝ። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን የእግር ኳስ ዳኛ በአብዛኛው የሚጠየቀው ነካ ወይስ አልነካም የሚለውን ነው። የመኪና ውድድር ዳኞች ፊት የሚቀርበው ግን ከዚህ ይከብዳል፦ ሰውየው መኪናው አምልጦት ነው የተንሸራተተው ወይስ መኪናውን ከያዘ በኋላ አውቆ መንገዱን ዘጋ? ይህን ከስክሪን ላይ አይቶ ለመለየት፣ ጎማ መሬት ሲለቅ መሪ በእጅ ላይ እንዴት እንደሚቀልል የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል።

ነገሩም የመጣው ከዚሁ ነው። የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ በ2008 ቤልጅየም ላይ ሊዊስ ሀሚልተን ኩርባ አቋርጦ ራይኮነንን አለፈ፣ ቦታውን መለሰለት፣ ወዲያው በሚቀጥለው ኩርባ ደግሞ አለፈው። አንደኛ ሆኖ ከገባ በኋላ ኩርባውን በማቋረጡ ተጠቅሟል ተብሎ 25 ሰከንድ ተጨመረበትና ድሉ ለፊሊፔ ማሳ ሄደ። «እነዚህ ሰዎች እሽቅድምድም ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» የሚለው ጩኸት ያኔ በረታ። ዣን ቶድ በ2009 መጨረሻ ላይ የፊያ፣ ማለትም ውድድሩን የሚመራው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ፕሬዚዳንት ሆነና ከ2010 ጀምሮ በየውድድሩ ከዳኞቹ ጋር አንድ ልምድ ያለው አሽከርካሪ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ባህሬን ላይ የመጀመሪያው አላን ፕሮስት ነበር። አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ ሰው መጀመራቸው ለእኔ ብልህነት ነው።

አሁን ወደ አንቺ ከተማ ልምጣ። በ2019 ሞንትሪያል ላይ የፌራሪው ሴባስቲያን ቬትል እየመራ ሳለ 48ኛው ዙር ላይ ሣር ውስጥ ገባ። ሲመለስ ከኋላው የመጣውን ሀሚልተንን ወደ ግንቡ ገፋው፤ ሀሚልተን ፍሬን ባይዝ ኖሮ ይጋጩ ነበር። ዳኞቹ አምስት ሰከንድ ቀጡት። ቬትል መስመሩን ቀድሞ አለፈ፣ ልዩነቱ ግን ከአምስት ሰከንድ በታች ስለነበር አሸናፊው ሀሚልተን ተባለ። ከዚያ ቬትል በሀሚልተን መኪና ፊት የቆመውን የአንድ ቁጥር ሰሌዳ አንስቶ የራሱ መኪና መቆም በነበረበት ባዶ ቦታ አኖረ፤ ለሀሚልተን ሁለት ቁጥሩን ሰጠው። ያንን ቪዲዮ አንቺ ነሽ የላክሽልኝ፤ ስንት ጊዜ እየመላለስኩ እንዳየሁት እናትሽን ጠይቂ።

ከፈረዱት አንዱ የ24 ሰዓቱን የሌ ማን የመኪና ውድድር አምስት ጊዜ ያሸነፈው ጣሊያናዊው ኢማኑኤሌ ፒሮ ነበር። ጣሊያናዊ ሆኖ ፌራሪን መቅጣቱ ራሱ፣ ያዳላሉ ለምትይው መልስ ይመስለኛል። ወንበሩ ላይ የነበሩት ግን እሱ ብቻ አልነበሩም፤ ድምፁም አንድ ነው። ስድቡ ሁሉ የወረደው በእሱ ላይ ነው፤ ሌሎቹን ማን ያውቃቸዋል? ደግሞ ልብ በዪ፦ ውሳኔውን አምርረው ከነቀፉት ውስጥ ማሪዮ አንድሬቲና ናይጄል ማንሴል ነበሩ፤ ሁለቱም የዓለም ሻምፒዮኖች። ስለዚህ አሽከርካሪዎች ስለሆኑ ብቻ አንድ ልብ አይደሉም። እኔን ከጠየቅሽኝ ቅጣቱ ልክ ነበር። ከመንገድ የወጣ ሰው ሲመለስ ቅድሚያ የለውም፤ ሣሩ ቢያንሸራትተውም የመመለሱ ዕዳ የራሱ ነው።

ይህን ስል የትራፊክ ፖሊስነቴ ነው የሚያናግረኝ ትይ ይሆናል። ይሁን። አባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ የተገለበጠ መኪና ፕላን ልናነሳ ስንሄድ፣ ፖሊስ ከመሆኑ በፊት የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ባልደረባ ነበረኝ። እኔ ሜትሬን ዘርግቼ የጎማውን ጥቁር መስመር ስለካ፣ እሱ ቀጥ ብሎ ጋቢና ውስጥ አንገቱን ያስገባል። አንድ ቀን ሹፌሩ «ፍሬን እምቢ አለኝ» እያለ ሲምል፣ ይሄ ሰው የማርሹን ዘንግ በሁለት ጣቱ ወዲያና ወዲህ አወዛወዘና «ዜሮ ማርሽ ላይ ነው» አለኝ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ሲንከባለል ነበር ማለት ነው። እኔ ብሆን ያንን ዘንግ ልብም አልለው። ግን ይኸው ባልደረባዬ ሪፖርቱ ሲጻፍ «ምን ያድርግ፣ ቤንዚኑ የሚቆረጠው ከኪሱ ነው፣ እኔም እንዲሁ ወርጃለሁ» ማለት ይጀምራል። ዓይኑን እፈልገው ነበር፤ እስክሪብቶውን ግን አልሰጠውም።

ለፎርሙላ ዋንም የምለው ይኸው ነው። አሽከርካሪው ክፍሉ ውስጥ ይኑር፣ ይናገር፣ ድምፅም ይስጥ፤ ከጎኑ ደግሞ ደንቡን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ይቀመጥ።

ቂም ላልሽው፣ ሞናኮ 2010ን አንሺ። ሴፍቲ ካሩ፣ ማለትም አደጋ ሲደርስ ከፊት ሆኖ ሁሉንም የሚያዘግመው መኪና፣ በመጨረሻው ዙር መጨረሻ ላይ ከመንገዱ ወጣ፣ አረንጓዴ መብራት በራ፣ ሚካኤል ሹማኸር አሎንሶን አለፈውና ስድስተኛ ሆነ። ዳኞቹ ግን ውድድሩ በሴፍቲ ካር ሥር ሲያልቅ ማለፍ ክልክል ነው ብለው 20 ሰከንድ ጨመሩበት፤ 12ኛ ወረደ። የዚያን ቀን አሽከርካሪው ዳኛ ማን ነበር? ዴመን ሂል! በ1994 አደሌድ ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ ሲበላለጡ ከሹማኸር ጋር ተጋጭቶ ዋንጫው ያመለጠው ሂል። ፊያ በኋላ ደንቡ አተገባበሩ ላይ ግልጽነት እንደጎደለው ተናግሯል፤ ችግሩ ከወረቀቱ ነበር። ቢሆንም ሰው የሚያስታውሰው የሂልን ስም ነው። እዚህ ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ፤ የትኛውም ፍርድ ቤት ቢሆን እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ዳኛ ከመዝገቡ ይነሳል። ፊያም ማን የት እንደሚመደብ ሲያወጣ ይህን ማየት ነበረበት።

የሚያሳስበኝ ግን ቂም ሳይሆን አፍ ነው። የቀድሞው አሽከርካሪ ጆኒ ኸርበርት ሜክሲኮ 2024 ላይ ማክስ ቨርስታፐንን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ሰከንድ ከቀጡት ዳኞች አንዱ ነበር። ከዚያም በየሚዲያው ስለ አሽከርካሪዎቹ አስተያየቱን ይሰጥ ነበር። ፊያ በጥር 2025 ዳኝነትና የሚዲያ ተንታኝነት አብረው አይሄዱም ብሎ አሰናበተው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ እዚያው አንቺ ከተማ ሌላው የቀድሞ አሽከርካሪ ዳኛ ዴሪክ ዋርዊክ ስለ ቨርስታፐን በሰጠው ቃለ ምልልስ ምክንያት የውድድሩ ፕሮግራም ተጀምሮ እያለ ታገደና፣ ብራዚላዊው ኤንሪኬ ቤርኖልዲ ከጄኔቫ ሆኖ በርቀት ተካው። ዋርዊክ ከሁለት ሳምንት በኋላ ኦስትሪያ ላይ ተመልሷል። መታገዱ ተገቢ ነው፤ ትናንት በጋዜጣ የፈረድሽበትን ሰው ነገ በወንበር ልትፈርጂበት አትችይም።

ግን እስቲ አስቢው፦ እነዚህ ሰዎች ለዳኝነታቸው ደመወዝ የላቸውም። ትኬትና ሆቴል ይሸፈንላቸዋል፣ ያ ነው። ኸርበርት ኑሮውን የሚገፋው በመናገር ነው፤ የመናገር እንጀራውን ተው ስትይው በምን ልትተኪለት ነው? ቢሊዮን ዶላር የሚንቀሳቀስበት ስፖርት ዳኞቹን በበጎ ፈቃድ ያሠራል፤ ሰዎቹም በየውድድሩ ይቀያየራሉ። ባለፈው ሳምንት የተቀጣ ጥፋት ዛሬ በዝምታ ሲታለፍ አሽከርካሪዎቹ ቢያብዱ አይገርምም። ጆርጅ ራስልን የመሳሰሉት አሽከርካሪዎች ቋሚ ዳኞች ይሰየሙልን የሚሉት ለዚህ ነው፤ በዚህ በኩል ሙሉ በሙሉ ከእነሱ ጋር ነኝ። ደመወዝ ክፈይው፣ ዓመቱን ሙሉ አስቀምጪው፣ ከዚያ በቲቪ ካየሁህ ወንበርህን ታጣለህ በዪው። በ2025 የቅጣት መመሪያዎቹን ለሕዝብ ይፋ ማድረጋቸው አንድ ነገር ነው፤ የፊት ጎማ ከሌላው መስታወት እኩል ደርሶ ነበር ወይ የሚለውን እኔም ሳሎን ተቀምጬ ማየት ችያለሁ። መቼም አባትሽ ሜትር ከእጁ አይጠፋም።

መልስሽን በጽሑፍ ላኪልኝ፤ በቮይስ አትላኪ፣ እናትሽ ትሰማና «ስለ መኪና ነው እንዴ የምትጨቃጨቁት?» ትላለች። ሽሮና በርበሬው ለሚመጣው ሰው ተሰጥቷል፤ ሲደርስ ደውዪላት።

አባትሽ