ለእሙዬ፣ ስለ አንድ ፈረስ

እሙዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? እማማ ሲያርፉ ሰምቼ ዝም አልኩ። ምን ብዬ እንደማጽናናሽ ጠፍቶኝ፣ ነገ እደውላለሁ፣ ከነገ ወዲያ እደውላለሁ ስል ሁለት ዓመት ሞላ። ይቅር በይኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ፈረስ ነው። አትሳቂ።

ቅዳሜ ለት ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቼ አንዲት የወርቅ ሳንቲም ፊት ቆሜ ቀረሁ። ኬልቶች የሚባሉት የጥንት አውሮፓ ሕዝቦች፣ በእንግሊዝ ምድር የኖረው የዶቡኒ ነገዳቸው ሥራ ናት። የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። ፈረስ አለባት። ጭራው ሦስት ነው! ገላው እንደ ጨረቃ የታጠፈ መስመር፣ መገጣጠሚያው ነጠብጣብ። ከሆዱ ሥር አንድ መንኮራኩር ብቻውን ቀርቷል።

ነገሩ የሚጀምረው መቄዶንያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ359 እስከ 336 የነገሠው ዳግማዊ ፊሊጶስ፣ የእስክንድር አባት፣ በወርቅ ሳንቲሙ አንድ ገጽ የግሪኮችን አምላክ አፖሎን፣ በሌላው ባለ ሁለት ፈረስ ሠረገላ አስቀረጸ። ኬልቶች ያንን ቀዱ። ትውልድ ባለፈ ቁጥር ሠረገላው ተበተነ፣ ነጂው ጠፋ፣ ሁለቱ ፈረስ አንድ ሆነ። መንኮራኩሩ ብቻ ተረፈ።

የድሮ ሊቃውንት «መቅዳት አቅቷቸው አበላሹት» ይሉ ነበር። እኔ በፍጹም አልቀበልም። ያቃተው ሰው ይቀንሳል እንጂ ጭራ ይጨምራል? ዛሬ ብሪታኒ በሚባለው የፈረንሳይ ዳርቻ ደግሞ ለፈረሱ የሰው ፊት ሰጥተውታል። ይሄ ስህተት ነው? መንኮራኩሩን ብዙዎች ፀሐይ ናት ይላሉ። ኤፖና የምትባል የፈረስ አምላክም ነበረቻቸው፤ የሮማ ፈረሰኞች ሳይቀሩ ያመልኳት ነበር። ስለ ሳንቲሞቹ ትርጉም ግን ኬልቶቹ ራሳቸው ጽፈው የተዉልን አንድ መስመር የለም። ያለን ሥዕሉ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው አንቺ ያስፈለግሽኝ። ያ የሳልሽው እግር የሌለው በሬ ትዝ አለኝ። መምህሩ በቀይ ሲሰርዝብሽ «እየሮጠ እኮ ነው፣ እግሩ አይታይም» አልሽው። አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር፣ አንቺ ግትር! ቅዳሜ መስታወቱ ፊት ቆሜ የሰማሁት ያንን ድምፅሽን ነው።

ፎቶውን ልኬልሻለሁ። በእርሳስ ሳይውና እጅሽ ምን እንዳለሽ ንገሪኝ። ጭራው ሦስት የሆነው እየተወዛወዘ ይሆን?

ስለ እማማ ደግሞ... ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ሰረዝኩት። እሁድ ከሰዓት እደውላለሁ። አንሺልኝ።